ዘጠኙ አጃቢዎች

በልጅነቴ ተድሬ፣ ሳይሆንልኝ ቀርቶ ፈትቼ፣ በሃያ ዓመቴ አባቴ ቤት ተመልሼ ነበር። ያ የመጀመሪያው ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እኔም ልጅ፣ እሱም ልጅ፣ ሁለታችንም የየእናታችን ቤት ነበር የሚናፍቀን። አባቴ ከወረታ ወጣ ብሎ ከፎገራ ሜዳ ዳር ባለች ደብር መሪጌታ ነበሩ፤ ቅኔ ያስተምራሉ። ስመለስ አልተቆጡኝም። «ከእንግዲህ ወዲያ አንቺ ሳትፈቅጂ ማንም አይድርሽም» አሉኝ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ስለዚህ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ግድም የደረሰብኝን ነገር በወላጆቼ ላይ ማላከክ አልችልም። መርጬ የገባሁበት ነው።

ወረታ ገበያ ዳር ጨርቅ የምትነግድ አንዲት ሙስሊም ሴት ነበረች። እኔ በሱቋ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ቀሚስ እጠልፍላት፣ የነጠላ ጠርዝ እቋጥርላት ነበር። ይህን ነገር ያመጣብኝ ሰው መጀመሪያ የታየው በዚያ በረንዳ ላይ ነው። ኅዳር ነበር፤ ውሃው ከሜዳው ሸሽቶ ጓያው ማበብ የጀመረበት ጊዜ። ከጎንደር በመጣ የጭነት መኪና ላይ፣ በቆዳ የተለበጠ ሣጥን አቅፎ ወረደ። ከኋላው ባለሦስት እግር ማቆሚያ የተሸከመ ጎልማሳ ረዳት ነበረው። አሥመራ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያዞር እንደኖረ፣ በሣጥኑ ያለውንም ካሜራ አሠሪው የነበረ ጣሊያን ወደ አገሩ ሲገባ እንደተወለት ነገረን። አሁን የራሱን ፊልም ሊሠራ ነው። ታሪኩም አንድ ጎበዝና አንዲት ልጃገረድ ገበያ ላይ ይተያያሉ፣ ቤተሰብ ለቤተሰብ ይጣላል፣ በመጨረሻ ይታረቁና ሠርግ ይሆናል። ጎበዙን ራሱ ሊጫወት ነው፤ ልጃገረዷን ገና አላገኘም።

በመጀመሪያው የገበያ ቀን ካሜራውን ገበያው መሃል ተከለው። ያን ዕለት የሆነውን ወረታ ለብዙ ጊዜ አወራችው። ቅቤ ሻጯ ቅቤዋን፣ በርበሬ ሻጩ ስልቻውን ትቶ መጣ። ሰዉ ሁሉ እንደ ቀለበት ከበበውና ዝም ብሎ ያየው ጀመር። «ሂዱ፣ ገበያችሁን ገብዩ» ቢል የሚሰማው ጠፋ። ቢዞር ቀለበቱ አብሮ ይዞራል። ከቀትር በኋላ ደክሞት መጥቶ ከሱቁ አግዳሚ ላይ ተቀመጠ።

«ሺህ ሰው አገኘሁ» አለ። «ሺሁም የሚያየው እኔን ነው።»

ነጋዴዋ ከት ብላ ሳቀች። እኔ ከጥልፌ ቀና ሳልል፣ «ጥቂት ሰው ወስደህ እንዳያዩህ ብታስለምዳቸውስ?» አልሁት።

«ጥቂት ሰው ገበያ አይሆንም።»

«ልብስ እየለዋወጡ ቢመላለሱስ?»

ቀና ስል እያየኝ ነበር። «ልብሱን ማን ይለዋውጥልኛል?» አለ። ነጋዴዋ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተችው።

እንዲህ ሆነን ሃያ አራት ሰው ሰበሰብን። የጎረቤት ሴቶች ነበሩ፣ ሁለት ሸማኔዎች፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ የበሬ ነጋዴ፣ ከአባቴ የቅኔ ተማሪዎችም ተደብቀው የመጡ ሦስት። ከከተማው በስተምዕራብ ውሃ የሸሸለት ሜዳ ላይ አንዲት ትልቅ ዋርካ አለች፤ እኔ የነጋዴዋን ጨርቅና ከየቤቱ የተዋስነውን ልብስ ዘርግቼ ከሥሯ እቀመጣለሁ። ሰዎቹ በካሜራው ፊት እየተጫወቱ ያልፋሉ። ካለፉ በኋላ ጎንበስ ብለው በካሜራው ጀርባ ሮጠው ወደ እኔ ይመጣሉ። በነጠላ የሄደችው ጋቢ ለብሳ ትመለሳለች፤ እንስራ ያዘለችው ቅርጫት ትሸከማለች፤ ባዶ ራሱን ያለፈው ሻሽ ጠምጥሞ በትር ይይዛል። የበሬ ነጋዴው ዓይኑ ስለሚያስታውቅ አንዴ ብቻ ፊቱን አሳይቶ፣ ከዚያ በኋላ በጀርባው ብቻ እንዲያልፍ አደረግነው። አንዲት በግ አሥራ አንድ ጊዜ ለገበያ ቀረበች፤ በመጨረሻ ተኝታ አልነሣም አለች። ከሩቅ ደግሞ በእንጨት ላይ ጋቢ አልብሰን ሰው አስመስለን ተከልን፤ ከኋላቸው ከብት ሲነዳ አቧራው ይነሣና እንጨቱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

ሥራውን ወደድሁት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት በሕይወቴ እንደዚያ የወደድሁት ሥራ አልነበረም። ምሳ ሰዓት ላይ ዋርካዋ ሥር እየመጣ ያስረዳኛል።

«የሕዝብ ብዛት ያለው መሃሉ ላይ አይደለም፣ ዳሩ ላይ ነው» አለኝ አንድ ቀን። «ሰው ዳሩን ካላየ ማለቂያ የለውም ብሎ የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ሦስት ሰው በአንድ በር ሲገባ፣ ሦስት ሰው በሌላው ሲወጣ አሳዪው፤ ከበሩ ውጭ ሺህ ቆሟል ብሎ ይምልልሻል።»

«ሰው ይህን ያህል ሞኝ ነው?»

«ሞኝ አይደለም። የወደደውን ነገር አይመረምርም።»

ሌላ ቀን ደግሞ፣ «አንቺ ባትኖሪ ሃያ አራቱ ሰው ሃያ አራት ሆኖ ይቀር ነበር» አለኝ። ይህን ሲል ረዳቱም ሸማኔዎቹም እየሰሙ ነበር። በሰው ፊት እንዲያ ተመስግኜ አላውቅም። ያን ቀን ወደ ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ «ምን አገኘሽ?» አለችኝ፤ ምንም አልሁ።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ሊያገባኝ ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሰዎች በበቅሎ መጡ። አንደኛው ሸምገል ያለ፣ ጭራ የያዘ፣ ድምፁ ረጋ ያለ ሰው ነበር፤ የልጁ አጎት ነኝ አለ። አንደኛው ነጭ ጥምጥም ጠምጥሟል። ሦስተኛው ዝም ብሎ የተቀመጠ ነው። እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማለሁ።

አባቴ፣ «ወገኑ ከወዴት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ከወሎ ነን፣ የኔታ» አለ አጎትየው። «እኔን ንግድ አንበሳሜ ጣለኝ። የቀረው ዘመዳችን ለሠርጉ ይደርሳል።»

«ልጃችን አንድ ጊዜ ተድራ የተመለሰች ናት። ይህን ያውቃል?»

«ያውቃል። እሱ የፈለገው ልቧን ነው።»

ሲወጡ አባቴ ወደ ጓዳ መጥተው፣ «ምን ትያለሽ?» አሉኝ። «እሺ» አልሁ። እናቴ ከሁሉ ደስ ያላት በቅሎዎቹን አይታ ነው። «ዘመድ ያለው ሰው ነው፤ ብቻውን የመጣ መስሎኝ ፈርቼ ነበር» አለች።

ከሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወደ ሱቁ መጣና፣ «የፊልሙ መጨረሻ ሠርግ አይደል? የወንድ አጃቢ ልብስ አዘጋጂልኝ፤ አሥራ ስምንት ዓይነት ይሁን። ከሠርጋችን በኋላ እንቀርጸዋለን» አለኝ። የራሴን ቀሚስ ጥልፍ እያቋረጥሁ ያን አዘጋጀሁ። ጋቢውን በጥለቱ እየለየሁ፣ ኩታውን፣ ካባውን፣ ጥምጥሙን እያጠፍሁ በሣጥን ከተትሁለት። ሣጥኑን ረዳቱ ተሸክሞ ወሰደው።

ጥር ላይ ተዳርሁ። ዳሱ በአባቴ ግቢ ተጣለ፤ የደብሩ ካህናት፣ ጎረቤት፣ የወረታ ነጋዴዎች ሁሉ መጡ። ሙሽራው ረዳቱን ካሜራው አጠገብ አቁሞት ነበር። «ልጆቻችን ያዩታል» ብሎኛልና ደስ አለኝ። እኔ ራሴን ተከናንቤ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ከሰው እግር በቀር የማየው ነገር አልነበረም። የሙሽራው አጃቢ እየዘፈነ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ አጃቢ ገባ፤ ቆይቶ ደግሞ ሌላ። ሴቶቹ በኩሽና በኩል፣ «ኧረ የሙሽራው ወገን አያልቅም! ወጥ ጨምሩ!» ሲባባሉ ይሰማኛል። ሙሽራው ዳሱ ሲገባ አባቴ ተነሥተው ሳሙት። ረዳቱ ደመና ጋረደብን ብሎ እንደገና እንዲስሙት ለመናቸው። አባቴ ሳቅ ብለው እንደገና ሳሙት። ከዚያ በሰማኒያ ጋብቻ ሥርዓት ቃል ተሰጠ፤ አጎትየው እጁን አንሥቶ ዋስ ሆነ።

ሁለት ወር አብረን ኖርን። ወረታ ላይ በተከራየናት ቤት መልካም ባል ነበር፤ ይህን አልክድም። መጋቢት ሲጋመስ ፊልሙ አሥመራ ሄዶ መታጠብ አለበት አለ። «ለፋሲካ እደርሳለሁ» ብሎ ከረዳቱ ጋር በጭነት መኪና ሄደ። መኪናው ወደ ጎንደር መንገድ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት። ወደ ኋላ ዞር ብሎ እጁን አነሣልኝ።

ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ከጎንደር የመጣ መኪና ሁሉ ሾፌሩን እጠይቃለሁ። ግንቦት ሲገባ እናቴ፣ «ቢታመም እንኳ ዘመዶቹ ይሰማሉ እኮ። አጎቱን ለምን አትጠይቂም?» አለች። ነጋዴዋ ጨርቅ አስጭና ለአንበሳሜ ገበያ ስትወጣ አብሬያት ሄድሁ።

አጎትየውን ለማግኘት አልተቸገርሁም። ከገበያው ዳር ጨው ዘርግቶ ተቀምጧል። ጭራ የለውም፤ ልብሱም የተጣፈ ነው። ሲያየኝ ፊቱ በደስታ በራ።

«ሙሽሪት! ፊልሙ ወጣ?» አለኝ።

ነገሩ አልገባኝም። «ባሌ ጠፋብኝ፤ እርስዎ ወሬውን ሰምተው እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁት» አልሁት።

«የቱ ባልሽ?»

«የወንድምዎ ልጅ።»

ሰውየው የያዘውን ጨው ከእጁ ለቀቀው። ቀስ ብሎ ተነሣ። «ልጄ፣ እኔ ወንድም የለኝም» አለ። «ያ ባለካሜራው እዚህ መጥቶ ዘጠኝ ሰው ሰበሰበ። ለፊልም ነው አለን። እናንተ የሙሽራው ወገን ትሆናላችሁ፣ እነሱ የሙሽሪት ወገን ናቸው አለን። ሁሉም ተዋናይ ነው አለን።»

«አባቴም?»

«የኔታም። ከጎንደር ያስመጣኋቸው ናቸው ብሎናል። ሽማግሌ ሆነን ስንመጣም ልምምድ ነው ነበር ያለን። በሠርጉ ዕለት አንቺ ስታለቅሺ እኔማ፣ ወይ ጉድ፣ እንዴት ያለች ጎበዝ ናት እያልሁ ነበር የማደንቅሽ።»

ነጋዴዋ ክንዴን ያዘችኝ። «ዘጠኝ ሰው ነው የምትለው? እኔ በዓይኔ ያየሁት ሠላሳ ይሆናል» አለችው።

«ዘጠኝ ነን። በፊት ለፊት እየዘፈንን እንገባለን፤ በዳሱ ጓሮ ወጥተን ልብስ እንቀይራለን፤ ደግሞ እንገባለን። ሁለት ሁለት ጊዜ በላን፤ እግዜር ይቅር ይበለን። ልብሱን ረዳቱ ነው ከሣጥን እያወጣ ያለበሰን።»

ሣጥኑን ሲል ከጨው ስልቻው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እስከዚያ ድረስ እያመንሁም አላምንም ነበር። ያን ልብስ ያጠፍሁት እኔ ነኝ። ካባው ከየትኛው ኩታ ጋር ቢለበስ ሌላ ሰው እንደሚያስመስል ያሰብሁት እኔ ነኝ። ወር ሙሉ በዋርካ ሥር ሃያ አራቱን ሰው ሺህ ሳደርግ፣ ባለካሜራው ሥራዬን ሲያደንቅ፣ በልቡ የኔን ሠርግ እያሰላ ነበር። ለፊልሙ ዳስ የሚጥልለት፣ ከብት የሚያርድለት፣ ካህን የሚጠራለት ሰው ነበር የፈለገው። አባቴን አገኘ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙው ጠፍቶብኛል። ነጋዴዋ በበቅሎ አስቀምጣ እንዳመጣችኝ አስታውሳለሁ። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። «ያን ጨው ሻጭ በሠርግሽ ቀን አውቄው ነበር። ዘመዱ ይሆናል ብዬ ዝም አልሁ» አለችና አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም።

አባቴ ግቢው ውስጥ ከተማሪዎቻቸው ጋር ነበሩ። ፊቴን አይተው ተማሪዎቹን አሰናበቱ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ መጀመሪያ የጠየቁት፣ «ዋሱስ?» ብለው ነው።

«ዋሱም ጨው ሻጭ ነው፣ አባየ። ውሸት መሆኑን አላወቀም።»

እንደማውቃቸው ቢሆን ኖሮ ይቆጡ ነበር። «እንግዲያ እኔም ተዋናይ ነበርሁ በይኛ» አሉ፤ ተነሥተውም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። በሠርጉ ዕለት ሁለት ጊዜ የሳሙትን ሰው ስም ከዚያ ቀን ወዲህ ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት፣ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን፣ አንድ ማለዳ ዘጠኝ ሰዎች ከአንበሳሜ በእግራቸው መጥተው በግቢያችን በር ተደረደሩ። እያንዳንዳቸው በትከሻቸው ድንጋይ ተሸክመዋል። ጨው ሻጩ ከፊት ነው። «ሳናውቅ በድለናል፤ ይማሩን፣ የኔታ» አሉና መሬት ላይ ተደፉ። እናቴ ውሃ እንኳ አልሰጥም ብላ ጓዳ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። የራሳቸውን ልብስ ለብሰዋል፤ ዘጠኝ ናቸው፤ ሲያዩዋቸው ከዘጠኝ አይበልጡም። ያ ሽማግሌ ሆኖ የመጣው ባለ ጥምጥም እውነተኛ ጥምጥም የለውም፤ ሸክላ ሠሪ ነው። አንደኛው ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር፤ በሠርጌ ዕለት ግን ሦስት ዓይነት የአጎት ልጅ ሆኖ እንደዋለ ተናዘዘ።

አባቴ ወጡና ድንጋዩን አንድ በአንድ ከትከሻቸው አወረዱላቸው። «ተነሡ። እናንተም እንደኛ ናችሁ» አሏቸው። ምሳ እንዲበሉ ለመኗቸው፤ ማንም አልበላም። ሲሄዱ ጨው ሻጩ ወደ እኔ ቀረብ ብሎ፣ «አንቺስ ማርሽን?» አለኝ። ማርኋችሁ አልሁት። አፌ ነው ያለው። ድንጋይ መሸከም የነበረበት ሰው ከመካከላቸው አልነበረምና ልቤ ማንን ይማር?

ከዚያ ነገሩ ለካህናቱ ቀረበ። አንዳንዶቹ ቃል ከተሰጠ ተሰጥቷል፣ ሴቲቱ ባለ ባል ናት አሉ። አባቴ ለሁለት ቀን ተከራከሩ። ቃል የሚጸናው በሰጪው ልብ ነው፣ ምስክሩም ዋሱም ሐሰት ከሆነ የጸና ነገር የለም ብለው አሸነፉ። ነጻ ነሽ ተባልሁ። ወረታ ግን ነጻ አላለችኝም። የገበያ ሴቶች የፊልሙ ሙሽራ ይሉኝ ጀመር። በዋርካው ሥር ልብስ ያቀያየርሁላቸው ጎረቤቶቼም በዚያ ስም ጠሩኝ። ከነሱ ነው የባሰ የከፋኝ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነጋዴዋ ጨርቅ ልታመጣ ጎንደር ደርሳ ተመለሰችና፣ ሲኒማ ቤት በር ላይ በተለጠፈ ሥዕል ውስጥ ዋርካዋን አየሁ አለችኝ። አልሄድም ብዬ ሦስት ቀን ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ሄድሁ፤ እሷም አብራኝ ሄደች። እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል።

ፊልሙ ያማረ ነበር። ይህን መናገር ያንገበግበኛል፣ ግን ያማረ ነበር። ገበያው ገበያ ነው። በጓም ብዙ በግ መስላ ወጥታለች። በመጨረሻ የኔ ሠርግ መጣ። ዳሳችን፣ የደብራችን ካህናት፣ አባቴ አማቻቸውን ሲስሙ። አጃቢው ሲገባ ማለቂያ የለውም፤ ይገባል፣ ይገባል፣ ይገባል። አጠገቤ የተቀመጠች የማላውቃት ሴት ክንዴን ነካ አድርጋ፣ «ወይ ወገን! ስንት ሰው ነው!» አለችኝ።

«ዘጠኝ» አልኋት።

«ምን አልሽ?»

በዚያ ቅጽበት ሙሽሪት ክንብንቧን ስትገልጥ ታየች፤ እኔ አይደለሁም። ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ ልጃገረዷን የምትጫወተው፣ ቀላ ያለች፣ ጥርሷ ያማረ፣ የማላውቃት ሴት ናት። ሌላ ቦታ፣ በሌላ ቀን ተቀርጻ በእኔ ቦታ ገብታለች። ከእኔ የቀረው የተደፋው ራሴና ትከሻዬ ብቻ ነው። አዳራሹ አጨበጨበ።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጅ ላይ መጽሐፍ ዘርግተው ይጠብቁኝ ነበር። የት እንደሄድሁ ማንም አልነገራቸውም፤ አውቀውታል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«በመጨረሻ ይታረቁና ይጋባሉ።»

«መልካም። አንቺስ አለሽበት?»

«የለሁበትም፣ አባየ። ሙሽሪት ሌላ ሴት ናት። ፊቷን ሲገልጡት የእሷ ነው።»

መጽሐፉን አጠፉት። ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው የዳርነው እሷን ነዋ» አሉኝ። ዓይኔን እያዩ ጠበቁ። ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር። ወደ ቤት ገብቼ ነጠላዬን አውልቄ ሰቀልሁ።